ከፋሲካ በፊት የተቀዳው ካሴት

እሑድ፣ የካቲት 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

ዛሬ ቅበላ ነው። አሰላ የሁለት ወሩን ጾም በአንድ ቀን ሥጋ ልታካክስ ስትታገል ውላ አሁን ጥጋቧን ይዛ ተኝታለች። እኔም መተኛት ነበረብኝ። ግን ዛሬ ቃል ተገባብተናል፤ ቃል የተገባበት ቀን ደግሞ ተጽፎ ቢቀመጥ አይከፋም።

የራሳችንን ካሴት ልናወጣ ነው። አዲስ አበባ ሄደን የማንንም ደጅ አንጠናም። ራሳችን እንቀዳለን፣ ራሳችን እናባዛለን፣ ራሳችን እንሸጣለን።

አራት ነን። ካሣዬ ከወሎ ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ኦርጋን ይጫወታል፤ የምንለማመደውም እሱ በተከራየው ቤት ነው። ቱሳ የሁሩታ ልጅ ነው፤ ድራም ይመታል፤ ከሚናገረው የሚመታው ይበልጣል። ትርፌ ትዘፍናለች። እኔ ቀን ቀን በግብርና መሥሪያ ቤት ታይፕ እመታለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የነበሩት ስዊድናውያን ባለሙያዎች ትተውት የሄዱትን ጊታር። ዘፈኖቻችን አጫጭርና ፈጣን ናቸው። የካሣዬ አከራይ በመስኮት ብቅ ይሉና «ልጆች፣ ማን እያባረራችሁ ነው?» ይሉናል።

ለፋሲካ መድረስ አለበት። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ነው፤ ለሠርግ ያልደረሰ ካሴት እስከ ጥር ይተኛል። እስከ ጥር ደግሞ ቱሳ አይኖርም። ለብሔራዊ ውትድርና ተመዝግቧል፤ ክረምቱ ሳይገባ ይወስዷቸዋል ይባላል። ስለዚህ ወይ ዘንድሮ ነው፣ ወይ ጭራሽ የለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 15

ደክሞኛል። ቀኑን ሙሉ ስለ ማዳበሪያ ስተይብ ዋልኩ። ማታ ልምምዱን እንደጀመርን መብራት ጠፋ። ያለ መብራት የኔ ጊታር ከትንኝ አይሻልም። ትርፌ ጆሮዋን አስጠግታ «አለህ?» እያለች በሳቅ ልትሞት ነበር።

ዓርብ፣ መጋቢት 2

የቀበሌው የኪነት ኃላፊ ስለ ምርት ዘመቻ አንድ ዘፈን ካላከልን የፈቃድ ወረቀት የለም አለ። ካሣዬ ቁጭ ብሎ እንደ ፈተና ጥያቄ ጻፈው። ቱሳ ሲያስብ ቆየና «የሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ እናድርገው፤ ካሴቱ ቀድሞ ካለቀ እኛ ምን እናደርጋለን?» አለ። ከዚህ በፊት ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 7

ትርፌ ዛሬ አዲስ ዘፈን ይዛ መጣች። ለወንድሟ ለፍሰሐ ነው። ኤርትራ ከዘመተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ከጥቅምት ወዲህ ደብዳቤ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን የሚያስለቅስ ነገር ይጽፍ ነበር። እሷ ግን ተረብ ነው የጻፈችው፦

ፖስታ ቤት ብጠይቅ፣ የለም አሉኝ ዛሬ፤
ቦታ ካጣህ እንኳ፣ ና ተጭነህ ከበሬ።

«ከበሬ» የምትለው ላይ ስትደርስ ፍሰሐ ከበሬ ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ይታያትና ሳቋ ያመልጣታል። ካሣዬ ያለ ሳቅ ድገሚው አላት። እኔ ተው፣ ሳቁ ይኑር አልኩ። ዘፈኑ ሳቁ ነው። የካሴቱ የመጀመሪያ ዘፈን እንዲሆን ተስማማን።

ጊታር ላይ ጣቴን የት እንደማሳርፍ ያሳየኝ ፍሰሐ ነው። ሲመጣ ይሰማውና ያሾፍብናል። «ይሄን ለመቅዳት ነው ካሴት ያበላሻችሁት?» ሲል ይታየኛል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 13

ሣህሌ መጣ። ከፍሰሐ ጋር አብሮ የዘመተው። አንድ እግሩ አልታጠፍ ብሎታል፤ በክራንች ነው የሚሄደው።

ወደ ትርፌ ቤት አልሄደም። የእኛን ቤት አንኳክቶ አባባን ፈለገ። አባባ የእድራችን ዳኛ ናቸው። በሩ ተዘጋ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ሣህሌ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ሁሉን አልሰማሁም። የሰማሁት ይበቃል።

ነገ እጽፈዋለሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 14

ፍሰሐ ሞቷል። ከገና በፊት ነው አሉ። ሣህሌ አጠገቡ ነበር።

ይኸው ጻፍኩት።

ዛሬ ሦስት ሽማግሌዎች እኛ ቤት ተቀምጠው መከሩ። እትዬ አባይነሽ፣ የትርፌ እናት፣ ጨጓራቸውን ታመው የከረሙ ናቸው። ወንድማቸው ያለው አርቦዬ ነው፤ እሱ ሳይመጣ መርዶ አይነገርም። ደግሞ ሁዳዴ ነው፤ ሴትዮዋ በጾም በተራበ አንጀታቸው እንዴት ይችሉታል? «ዓውደ ዓመቱን በሰላም ይዋሉ» አሉ አባባ። «ዳግማይ ትንሣኤ ይለፍ። ሰኞ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ይረዳሉ።» ልማዱ ይኸው ነው፤ ማንም አልተከራከረም።

ሲወጡ አባባ ጓዳ ድረስ መጡና አዩኝ።

«ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው አፍህን ያዝ። መርዶ ከእኛ ቤት አይሾልክም።»

እኔ አልወሰንኩም። ሽማግሌ ነው የወሰነው። ደግሞም ትክክል ናቸው፤ ትርፌ ከእኔ አፍ ብትሰማው፣ ለእናቷም ሳይነገር፣ በምን አንጀቷ ትችለዋለች? እናትየውን ያየ ሰው ይህን ይረዳል። እኔም የማስበው ለእናትየው ነው።

ትርፌ ከተረዳች ጥቁር ትለብሳለች። አንድ ዓመት አትዘፍንም። ቱሳ ይሄዳል። ከመርዶው በፊት ከቀዳን ግን ተቀዳ ማለት ነው።

ይህን ያሰብኩት ዛሬ ጠዋት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ገና ሳይመጡ። ለምን እንደምጽፈው አላውቅም። ደክሞኛል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 17

ለመቅዳት ሞከርን። ያለን አንድ ማይክሮፎን ነው፤ ከጣሪያው አንጠለጠልነው። ትርፌ ሥሩ ትቆማለች፣ እኔና ካሣዬ ራቅ እንላለን፣ ቱሳ ከነድራሙ ወጥ ቤት ገብቶ በሩን ገርበብ ያደርጋል። በየግድግዳው ብርድ ልብስ። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራል።

ማንም አልተሳሳተም። የበልጉ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። መልሰን ስንሰማው ዘፈኑ ሳይሆን ዝናቡ ነው የተቀዳው። ቱሳ ከወጥ ቤት ወጥቶ «ማል ጎና?» አለ። ምን እናደርጋለን? ለገበሬው ጥሩ ነው አልኩት። ማንም አልሳቀልኝም።

ትርፌ «ሰሞኑን ምን ሆነሃል? ፊትህ ከስሏል» አለችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 20

ከተማው ሁሉ ያወቀ መሰለኝ። መርዶ የሚደበቀው ከባለቤቱ ብቻ ነው። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች «ያቺ ምስኪን…» ብለው ጀምረው እኔን ሲያዩ ስለ በርበሬ ማውራት ያዙ።

ትርፌ ደግሞ እየሳቀች ታወራልኛለች። የቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲያድል ወረፋው ላይ አሳልፈው ከፊት አቆሟት። ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስትጠይቅ ሠራተኛዋ እታገኘሁ፣ ያቺ ሰው የማታናግረው፣ እጇን ይዛ «መንገዱ ተዘግቶ ይሆናል፣ እህቴ» አለቻት።

«ዘንድሮ ሰው ሁሉ ወዶኛል» አለች። «ካሴቱ ሳይወጣ ዝነኛ ሆንኩ።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ያወጣሁት ግን «ለቅዳሜ ድምፅሽን ጠብቂ፣ ብርድ አይምታሽ» የሚል ነው።

ካሣዬና ቱሳ አያውቁም። ካሣዬ የሰው አገር ሰው ነው፤ ቱሳ ከልምምድ ሌላ ከተማው ውስጥ የለም። ብነግራቸው መቅዳቱን እንተወው ይላሉ። ስለዚህ አልነገርኳቸውም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 24፣ የሆሣዕና ዋዜማ

ተቀዳ።

ሁሉንም ልጻፈው፤ እንቅልፍ እንደሆነ አይመጣም።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣቴን አደንዝዞት ስለነበር ከመጀመራችን በፊት እጄን የካሣዬ ምድጃ ላይ አሞቅኩ። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች እንደ ውኃ ፈሰሱ። ቱሳ ወጥ ቤት ውስጥ እንዲህ መትቶ አያውቅም፤ ድስቶቹ አብረውት ያጨበጭቡ ነበር። ካሴቱ ላይ የመጀመሪያው ቢሆንም የፍሰሐን ዘፈን መቅዳቱን ለመጨረሻ አቆየነው። ሁላችንም እንሙቅ ብዬ ነው ያቆየሁት። ወይም መዘግየት ፈልጌ ይሆናል።

በመጀመሪያው ካሣዬ ተሳሳተ። በሁለተኛው ማንም አልተሳሳተም፤ ግን ትርፌ ቀዝቅዛ ዘፈነችው። «ከበሬ» ስትል አልሳቀችም። ቴፑን አጠፋሁት።

«ምነው?» አልኳት።

«እንጃ። ዛሬ ሳቄ እምቢ አለኝ። ትናንት ማታ ሕልም አይቼ…»

ሕልሟን አልጠየቅኳትም። እንዳትነግረኝ ፈራሁ። ካሣዬ «ይሄኛውም ያምራል፣ ይብቃን» አለ። ቱሳም በበሩ ብቅ ብሎ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ። ሠርግ ላይ እንዲህ ያለ ዘፈን ማን ይከፍታል? «እየሳቅሽ በይው» አልኳት።

ቴፑ ዞረ። «ከበሬ» የሚለው ላይ ልትደርስ ስትል ሁለት ጣቴን እንደ ቀንድ ግንባሬ ላይ ተክዬ፣ አፍንጫዬን ነፍቼ፣ አንገቴን በጭነት መኪና እንደሚንገጫገጭ በሬ አወዛወዝኩላት። ሳቀች። እንዲያውም ቃሉን መጨረስ አቅቷት ካሣዬ ነው በኦርጋን የጨረሰላት። ከሁሉ የተሻለው እሱ ሆነ። መልሰን ስንሰማው ቱሳ እንኳ እያጨበጨበ ተነሣ፤ ትርፌ ትከሻዬን በቡጢ መትታ «አንተ በሬ!» አለችኝ።

ቤት ስደርስ አባባ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነበር። የት አመሸህ አላሉኝም።

ፍሰሐ ሞቷል። እኔ ደግሞ ዛሬ በሬ ሆኜ አመሸሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 28

ካሴቱን ለሁሴኖ ሰጠሁት። ሙዚቃ ቤቱ ገበያው አፋፍ ላይ ነው፤ ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያባዛል። ከሠርጉ ወቅት በፊት እንዳይከፍተው አስጠነቀቅኩት። «ወላሂ አልከፍትም» አለ። የምርት ዘመቻው ዘፈን መሐሉ ላይ ተቆርጧል። ቱሳ እንዳለው ካሴቱ አለቀ።

ከመርዶው በኋላስ ምን ይሆናል? ስለዚህ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። አስቤ ነው የተውኩት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 1፣ የፋሲካ ዋዜማ

ሁሴኖ ከፈተው። የዶሮ ገበያው በደመቀበት ሰዓት፣ በትልቁ ድምፅ ማጉያ። የትርፌ ሳቅ ገበያውን ሞላው። ልጆች ይጨፍራሉ፤ ዶሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ሰውም አየሁ።

ሮጬ ገባሁ። «አልከፍትም አላልክም?»

«ሰው ዳር ዳሩን ሰምቶ ለመነኝ። የመጀመሪያው ዙር አልቋል፣ ወንድሜ። ከዴራ የመጣ ነጋዴ ብቻውን አንድ ካርቶን ወሰደ።»

ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፤ በጣም ደስ አለኝ። ትርፌ ከሕዝቡ መሐል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ነበር፤ ዓይኗ ብቻ ይታያል፤ ታበራለች። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። ከኋላዋ የቆሙት ሁለት ባልቴቶች ግን አይወዛወዙም። አንደኛዋ እኔን አየችኝና ወደ መሬት ተፋች።

እሑድ፣ ሚያዝያ 2፣ ፋሲካ

እትዬ አባይነሽ ጠርተውን ሄድን። ዶሮ ሠርተዋል፤ ጨጓራቸው ተሽሏቸው ራሳቸውም ይበላሉ። አባባ አንድ ጉርሻ ጎርሰው አቆሙ።

«አቶ ኃይለየሱስ፣ ዘንድሮ ምን ነካዎት? ጠላዬንም አልነኩት» አሉ እትዬ አባይነሽ።

«እርጅና ነው፣ እመቤት።»

«እርጅና ሆድ ይዘጋል እንዴ? ይልቅ ልጄ ሲመጣ እንዲህ ቢያኮርፉበት አይምርዎትም።»

አባባ ሳቁ። መሳቅ ነበረባቸው። እኔ የቀረበልኝን ሁሉ በላሁ፤ እንዴት እንደወረደልኝ አላውቅም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 10

ዛሬ ተረዱ። ገና ሳይነጋ። አባባ ቀድመው ገቡ፣ ቀጥሎ ከአርቦዬ የመጣው አጎቷ። እኔ ውጭ የእድሩን ድንኳን ካስማ ይዤ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ የእትዬ አባይነሽ ድምፅ መጣ። ከዚያ የትርፌ። ያንን ድምፅ ከሳቋ ለይቼ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 11

ካሣዬ መሥሪያ ቤት ድረስ መጣ። «ታውቅ ነበር?» አለኝ። ሥራ ላይ ነኝ አልኩት። የታይፑን መኪና አይቶ ሄደ። ቱሳ ድራሙን ከወጥ ቤቱ አውጥቶ ወደ ሁሩታ ጭኖታል አሉ። አልተሰናበተኝም።

ከተማው ሌላ ወሬ ይዟል። «ወንድሟን አፈር አልብሳ ገበያ መሐል ትስቃለች» ይላሉ። ስኳር ወረፋ ላይ ያሳለፏት ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሉት። ሁሉም ስላወቀ እሷም የምታውቅ መስሏቸዋል። ከወንድሟ ሞት ይልቅ ገንዘብ ወደደች አሉ። የትናንት ለቅሶዋንም ለይምሰል ነው አሉ።

የቀሩትን ካሴቶች ከሁሴኖ ሰበሰብኩ። የተሸጠው ግን ተሽጧል፤ ከመናኸሪያ የሚነሣው አውቶቡስ ሁሉ እሷን ይዞ ነው የሚወጣው። አላወቀችም፣ ያወቅኩት እኔ ነኝ ማለት ያለብኝ እኔ ነኝ። የት ቆሜ፣ ለማን ልበለው? ነገ ሣልስት ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 12

ሣልስት። ድንኳኑ ጢም ብሎ ነበር፤ ሴቶቹ በግራ ሰሌን ላይ፣ ወንዶቹ በቀኝ አግዳሚ ላይ። እኔ ልማዱን ጥሼ ከትርፌ አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጥቁር ለብሳለች፤ ጸጉሯን ተቆርጣለች። እንድነሣ አልነገረችኝም። አጠገባችን ያሉት ሴቶች ከእሷ ራቅ ብለው ነበር የተቀመጡት። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን።

እትዬ አባይነሽ ወደ እኔ ቀና አሉና «መርሻ» አሉ። «ልጆቹ ስሙን እየጠሩ ዘፍነዋል አሉኝ። እውነት ነው?»

ስሙ ዘፈኑ ውስጥ የለም። «አዎ፣ ለእሱ ነው የተዘፈነው» አልኩ።

«አምጣና አሰማኝ።»

ድንኳኑ ተንጫጫ። አባባ ተነሡ። «እመቤት፣ ለቅሶ ቤት ዘፈን አይከፈትም። እንዲህ ያለ ልማድ የለንም።»

«ልማድ?» አሉ እትዬ አባይነሽ። ድምፃቸውን አላነሡም። «በልማዱ አይደል ልጄ አፈር ለብሶ እኔ ዶሮ ስበላ የከረምኩት? እርስዎም ፊቴ ተቀምጠው ጎረሱልኝ። አምጣ፣ ልጄ።»

አባባ ተቀመጡ። ሮጬ እኛ ቤት የቀረውን የካሣዬን ቴፕና ካሴቱን አመጣሁ። ቁልፉን የጫነችው ትርፌ ናት።

ዘፈኑ ፈጣን ነው። ድንኳን ውስጥ ደግሞ ከገበያው ይልቅ የሚፈጥን መሰለኝ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። «ከበሬ» የሚለው ላይ ሲደርስ ያ ሳቅ መጣ፤ ቃሉን የቆረጠው፣ እኔ ያመጣሁት። እትዬ አባይነሽ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ፤ ከዚያ ግን ፈገግ አሉ። «በበሬ ና ትለዋለች!» አሉ። «ምን አለ በበሬም ቢሆን!» ከዚያ አነቡ፤ ሴቶቹም ሁሉ አብረዋቸው።

ከኋላ አንዷ «እንዲህ የምትስቀው ምን አንጀት ኖሯት ነው?» ስትል ተሰማ።

ትርፌ ቴፑን አጠፋችው። ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋ ሰልሏል፤ ግን ድንኳኑ ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማ።

«በሬ ሆነህ ያሳቅከኝ ቀን፣ ታውቅ ነበር?»

አባባ እያዩኝ ነበር። ሽማግሌዎቹም፣ ሣህሌም፣ በር ላይ የቆመው ካሣዬም።

«አውቅ ነበር» አልኩ። «እሷ አታውቅም ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር።»

ሌላም ልጨምር ነበር፤ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ ልማዱ፣ ስለ እናቷ። ሁሉንም እዚህ ደብተር ላይ ስለማመደው ነው የከረምኩት። አንዱም ከአፌ አልወጣም።

ሴቶቹ ቀስ ብለው ወደ ትርፌ ተጠጉ። አንደኛዋ ነጠላዋን ከፍታ አለበሰቻት። ትርፌ እኔን ማየት አላቆመችም።

«ታዲያ ከእኔ ጋር ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። አልጮኸችም። «ተነሥ። ሂድና ከሚያውቁት ጋር ተቀመጥ።»

ተነሥቼ ወደ ወንዶቹ ተሻገርኩ። አባባ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።